ሹክ ባዩና የጥጡ ንጉሥ

ዋሲፍ ታድሮስ በካይሮ ዒማደዲን ጎዳና ካሉት የቲያትር ሰዎች ሁሉ ይበልጥ ዕድሜውን መድረክ ላይ የፈጀ፣ ግን አንድም ተመልካች አይቶት የማያውቅ ሰው ነበር። ሥራው ሹክ ማለት ነው። በራቲብ በይ ቲያትር ቤት መድረኩ ግንባር ላይ ወለሉ ተቆርጦ የተሠራች ጉድጓድ አለች፤ በተመልካቹ በኩል በእንጨት ቆብ ተከልላለች። ዋሲፍ የተውኔቱን ጥራዝና አንዲት ትንሽ አምፖል ይዞ እዚያ ውስጥ እስከ አንገቱ ይገባና፣ ተዋንያኑ የሚናገሩትን ሁሉ አስቀድሞ በሹክሹክታ ያቀብላቸዋል። እነሱም ከሱ የተቀበሉትን በትልቅ ድምፅ ለሕዝቡ ያሰማሉ። በየሳምንቱ አዲስ ተውኔት በሚወጣበት ጎዳና ቃለ ተውኔቱን በቃሉ ለማጥናት የሚደክም ሞኝ አልነበረም።

ሹክሹክታ ለሌላው ሰው ሐሜት ነው፤ ለዋሲፍ ግን ጥበብ ነበር። ድምፁ እመድረኩ ጥግ ድረስ ሄዶ ተዋናዩ ጆሮ ይገባል፤ ከፊተኛው ረድፍ ወንበር ግን አይደርስም። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ተመልካች እንኳን ሰምቶት አያውቅም፣ በዚህም እንደ ሹመት ይኮራ ነበር። የሥራው ጉዳት አንድ ብቻ ነው፤ ከጉድጓዱ ሆኖ የሚታየው ጫማ ስለሆነ የቡድኑን ሰዎች የሚያውቃቸው በጫማቸው ነበር። ዋናዋ ተዋናይት ሲት ኢጅላል አዲስ ጫማ ያደረገች ዕለት መንገድ ላይ ሰላም ሳይላት ያልፋል፣ እሷም ለሳምንት ታኮርፈዋለች።

የቡድኑ ባለቤት ራቲብ በይ ነው። ዋናው ተዋናይም እሱ፣ አዘጋጁም እሱ፣ ትኬት ቆራጩን የሚቆጣጠረውም እሱ። «በይ» የሚለውን ማዕረግ ማን እንደሰጠው የሚያውቅ የለም፤ የሚጠይቀውም አልተገኘም። በንግድ ዓለም ርኅራኄ የሚባል ነገር አያውቅም። ሌላ ቲያትር ቤት በአጠገቡ የተከፈተ እንደሆነ አይጣላም፣ አይካሰስም፤ ከአዲሱ ቲያትር ጎን ያለውን ሱቅ ይከራይና ለናስ ቀጥቃጮች በነፃ ይሰጣቸዋል። ናስ ቀጥቃጮቹ ምሽት ምሽት ድስትና ሰሐን ሲቀጠቅጡ፣ ያ ቲያትር ቤት ወር ሳይሞላው በሩ ላይ «ይከራያል» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። ራቲብ በይም ወንበሮቹን በርካሽ ይገዛል።

ዋሲፍ ይህን ሁሉ ሲያይ ኖሮ አንድ ተውኔት ጻፈ። «የጥጡ ንጉሥ» አለው። ታሪኩ የእስክንድርያው ጥጥ ነጋዴ የጃፋር ፓሻ ነው፤ ባልንጀራውን በተንኮል አክስሮ ራሱን ባሕር ውስጥ እስኪጥል ድረስ ያስጨንቀዋል። የሟቹ ሴት ልጅ ስሟን ለውጣ ፓሻው ቢሮ ጸሐፊ ሆና ትቀጠራለች፤ እዚያው ተቀምጣ ቀስ በቀስ ንብረቱን ሁሉ ከእጁ ታወጣና በመጨረሻ እግሯ ላይ ወድቆ እንዲለምናት ታደርገዋለች። ዋሲፍ ፓሻውን ሲጽፍ የራቲብ በይን አነጋገር፣ የራቲብ በይን አካሄድ፣ ሰው ሲያታልል ትከሻ ላይ እጁን ጣል የሚያደርግባትን የራቲብ በይን ዘዴ አንድ በአንድ አስገብቶታል። ራሱን ያያል ብሎ ፈርቶ ነበር። ራቲብ በይ ግን አንብቦ ሲጨርስ ዓይኑን እየጠራረገ፣ «ይሄ ፓሻ ልቤን ነካው። እንዲህ ያለ አስተዋይ ሰው በመጨረሻ ለምን እንደሚወድቅ ብቻ አልገባኝም» አለ።

ተውኔቱ ታየ፣ ተወደደ። በማስታወቂያው ላይ ግን «ድርሰት፦ ራቲብ በይ» የሚል ነበር። ዋሲፍ ቢጠይቅ፣ ራቲብ በይ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና፣ «ቲያትር ቤቱ የማን ነው? አንተ የምትጽፍበት መብራትስ የማን ነው? አትቸኩል ወንድሜ። ወደ ተናጋሪ ፊልም ስንለውጠው ስምህ ከስሜ ሥር ይወጣል። በዚህች በሪዜ እምላለሁ» አለው። ዋሲፍም አመነ። ሚስቱ ዳምያና «ላም አለኝ በሰማይ» ብትለውም ሁለት ዓመት ያቺን ሪዝ እያየ ተስፋ አደረገ።

የተናጋሪው ፊልም ዘመን ደረሰ። ካይሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀዳበት ቤት ገና ስላልነበረ ቡድኑ ፓሪስ ድረስ ሄዶ ሊሠራ ተሰናዳ። ራቲብ በይ ፓሻው ዘመናዊ መስሎ መታየት አለበት ብሎ ሪዙን ተላጨ። በሦስተኛው ቀን ዋሲፍ በማተሚያ ቤቱ በኩል ሲያልፍ ማስታወቂያው ገመድ ላይ ተሰጥቶ አገኘው። ድርሰት፦ ራቲብ በይ። ዝግጅት፦ ራቲብ በይ። ከሥሩ የልብስ ሰፊው ስም አለ፣ ጣርቡሹን፣ ያን ቀይ ቆብ፣ ያቀረበው ነጋዴ ስም አለ፣ የማተሚያ ቤቱም ስም አለ። ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ ስሙ እዚያም የለም።

ሄዶ ራቲብ በይን ሻንጣ ሲያስር አገኘው።

«በይ፣ ማስታወቂያውን አየሁት።»

«አማረ አይደል?»

«ስሜ የለበትም እኮ።»

«የቱ ስምህ?»

«ያለኝ አንድ ነው። ዋሲፍ ታድሮስ።»

ራቲብ በይ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። «ስማኝ ዋሲፍ፣ አንተ ሹክ ባይ ነህ። ሹክ ባይ ስሙ በአደባባይ ከተጻፈ ሹክ ማለቱ ምኑ ላይ ነው? ሙያህን አታዋርድ።»

«በሪዝዎ ምለው ነበር።»

«ሪዝ?» አለ ራቲብ በይ የተላጨ ከንፈሩን እየዳሰሰ። «የምን ሪዝ?» ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «ደግሞ ተዘጋጅ። ከፓሪስ እንደተመለስን ጉድጓዷን በሳንቃ አስመታታለሁ። ፊልም አንዴ ከተናገረ ተናገረ ነው፣ አስታዋሽ አይፈልግም» አለው።

ዋሲፍ ሹብራ ሰፈር ቤቱ ሲገባ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ዳምያና ሞሎኪያ የሚሉትን ጎመን እየከተፈች ሁሉንም ሰማችው፤ ቢላዋውን ሳታስቀምጥ አዳመጠችና፣ «እሺ፣ ምን ልታደርገው ነው?» አለች።

«ምን አደርገዋለሁ? ከስሼ አልረታው፣ ተማትቼ አልችለው።»

«ፓሪስ የሚወስድህ ለምንድን ነው?»

«አንድ ቃል አያውቅማ። ሃያ ዓመት ያለ እኔ «ደህና አመሻችሁ» ብሎ አያውቅም።»

«እንግዲያ ዝም በለው» አለች ዳምያና። «መብራቱ ይብራ፣ ፈረንጁ ሁሉ ይሰብሰብ፣ አፉን ይክፈት፣ አንተ ዝም። እንደ ዓሣ አፉን እየከፈተ ይዝጋ። ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማህም?»

ዋሲፍ አሰበበት። እንዲህ ያለ ጥሩ በቀል ለተውኔቱ እንኳን መጥቶለት አያውቅም። መርከቡ ላይ ባሕሩ እያጓራ ሌላው ሰው ሲያስመልሰው እሱ ዝምታ ሲለማመድ ከረመ። ከንፈሩን ገጥሞ፣ ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ ራቲብ በይ ያን ረጅም ንግግሩን ሲጀምርና ሲደናቀፍ እያሰበ ብቻውን ይስቅ ነበር። ሲት ኢጅላል አይታው፣ «እሱም ታመመ» ብላ ሎሚ ሰጠችው።

የፓሪሱ የፊልም ቤት ግድግዳው በወፍራም ብርድ ልብስ የተሸፈነ፣ መብራቱ እንደ ምድጃ የሚፋጅ አዳራሽ ነበር። የካሜራው ኳኳታ እንዳይሰማ ካሜራውንም ባለካሜራውንም በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፉባቸዋል፤ ሰውየው በተከፈተለት ቁጥር ከእንፋሎት መታጠቢያ ቤት የወጣ መስሎ ይመጣል። ድምፁን የሚቀዳው ሙሴ ጋስቶን የሚባል ጨዋ ሽማግሌ ሲሆን፣ ከመስተዋት ጀርባ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ ይቀመጣል። ድምፅ መቀበያውን የፓሻው ጠረጴዛ ላይ አበባ ማስቀመጫ ውስጥ ደበቁት።

ራቲብ በይ ግን የቸገረው ሌላ ነው። «ጉድጓዱ የታለ?» አለ።

«የምን ጉድጓድ?» አሉት በአስተርጓሚ።

«የሹክ ባዬ ጉድጓድ ነዋ። ያለሱ እንዴት ቲያትር ይሠራል? እናንተ አገር ወለል አይቆረጥም?» እያለ ተቆጣ። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል። ፈረንጆቹ ወለላቸውን እንደማያስቆርጡ ሲያውቅ ዋሲፍን ጠራና ከፓሻው ጠረጴዛ ሥር አስገባው። ጠረጴዛው ከፊት በኩል በእንጨት የተዘጋ ስለሆነ አይታይም። እንግዲህ ዋሲፍ ከታች፣ አበባ ማስቀመጫው ከላይ፤ በመካከላቸው አንዲት ቀጭን ጣውላ ብቻ። ይህን ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። የቡድኑ ሰዎች የዋሲፍን ቃል እንጂ የዋሲፍን ድምፅ መስማት ከተዉ ቆይተዋል፤ ሰው የገዛ ትንፋሹን እንደማይሰማ ማለት ነው።

«ሁሉም ትዕይንት አንዴ ብቻ ነው የሚቀረጸው» አለ ራቲብ በይ። «የሚደገም ነገር የለም። ፊልም የሚገዛው በኔ ገንዘብ ነው።»

ቀይ መብራት በራ። ፓሻው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲጋራውን አነሣ። ሰዓቱ ደረሰ። ዋሲፍ ከጠረጴዛው ሥር ተኮራምቶ ምላሱን በጥርሱ ያዘ።

ጸጥ አለ። ራቲብ በይ ጠበቀ። ጉሮሮውን ጠረገ። አሁንም ጠበቀ። ዋሲፍ ልቡ በደስታ ይመታ ነበር፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ቃል ሲያጎርሰው የኖረው አፍ ባዶውን ሲቀር በዓይነ ሕሊናው እያየ ተደሰተ። በዚህ መካከል የራቲብ በይ ጫማ በአፍንጫው ሥር ነበር። ያን ጫማ ከልጆቹ ፊት ይልቅ ያውቀዋል። የቀኙ ጫማ ጫፍ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ራቲብ በይ የፈራ ዕለት እንዲያ ነው የሚሆነው፣ ያንንም ከዋሲፍ በቀር የሚያውቅ የለም። ያ ጫማ ሲንቀጠቀጥ ዋሲፍ ቃል ያላቀበለበት ቀን ኖሮ አያውቅም። ምላሱን ይበልጥ ነከሰ፤ ደም ደም አለው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ።

«ገንዘብ እናት የለውም» አለ ዋሲፍ።

«ገንዘብ እናት የለውም» አለ ጃፋር ፓሻ፣ መስተዋቱ እስኪርገበገብ። ጫማው ጸጥ አለ።

ከዚያ በኋላማ ተከፈተ። ዋሲፍ በራሱ እየተናደደ፣ በዳምያና እያፈረ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል ሳያስቀር አቀበለ። መቆሙን መቀመጡን ሁሉ ሳይቀር ነገረው። እንዲያውም እንደዚያን ቀን አሳምሮ ሹክ ብሎ አያውቅም።

ሙሴ ጋስቶን ከመስተዋቱ ጀርባ ግራ ገብቶት ነበር። ዐረብኛ አያውቅም፤ ግን ሁለት ድምፅ ይሰማል፣ አንዱ ዝቅተኛ፣ ሌላው ያንኑ የሚደግም። የምሥራቅ ሰዎች ነገር ነው ብሎ አሰበ፤ ከባለጠጋው ጋር ሕሊናው እየተነጋገረ መሆን አለበት፣ እንዴት ያለ ረቂቅ ጥበብ ነው። ሙያውን የሚያከብር ሰው ስለሆነ ያ ዝቅተኛ ድምፅ እንዳይጠፋ ብሎ ቁልፉን አዙሮ ከፍ አደረገው። ትዕይንቱ ሲያልቅ ወጥቶ የራቲብ በይን እጅ ጨበጠ። «ድምፁ ግሩም ነው» አለው። ራቲብ በይም «ይህን ጉሮሮ ይዤ ነው የተወለድሁት» አለ።

ሥራው ሲያልቅ ፊልሙን አይተው እንዲሄዱ ቢለመን ራቲብ በይ እምቢ አለ። ለእይታ አዳራሽ ኪራይ መክፈል ነውና። ሣጥኑ ካይሮ ሲገባም በሁለት ቁልፍ አስቆለፈበት። ተቀናቃኞቹ ሰምተው እንዳይሰርቁት፣ እስከሚመረቅበት ምሽት ድረስ የራሱ ሰዎች እንኳን እንዳያዩት ከለከለ። ሌላውን ሁሉ ሲጠረጥር የኖረ ሰው ስለሆነ ራሱን መጠርጠር አልመጣለትም።

ዋሲፍ ቤቱ ገብቶ እውነቱን ለሚስቱ ተናዘዘ።

«ዝም አልኸው?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ ማለት?»

«ጫማው ተንቀጠቀጠ፣ ዳምያና።»

ዳምያና ትክ ብላ አየችውና፣ «አንተን በቀል የሚያህል ነገር ለምን እንዳሸከምኩህ እንጃ» አለች። ምሳውን ግን አሙቃ ሰጠችው።

የምረቃው ዕለት ዋሲፍ የሚገባበት ጉድጓድ አልነበረም፤ በሳንቃ ተመትቷል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ትኬት ገዝቶ ከዳምያና ጋር እንደ ሰው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቲያትር ቤቱ ጢም ብሏል። ከታች ጣርቡሽ የደፉ የተማሩ ጌቶች፣ እፈንዲዎች፣ ከነሚስቶቻቸው፣ ከላይ በርካሹ ሰገነት ላይ ደግሞ የዱባ ፍሬ የሚቆረጥሙ፣ ጋላቢያ የሚባለውን ረጅም ቀሚስ የለበሱ ድሆች። የሰገነቱ ሰዎች ቲያትር የሚመጡት ለማየት ብቻ ሳይሆን መልስ ለመስጠትም ነው፤ አፋቸው አያርፍም። ዋሲፍ የሚያስበው ስሙን ነበር። መጋረጃው ሲገለጥ «ድርሰት፦ ራቲብ በይ» የሚለው ጽሑፍ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ወጣ። ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ያለቅስ ነበር።

መጀመሪያ ሲት ኢጅላል ስትታይ ሰላም ነበር። ፓሻው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ግን በአዳራሹ ውስጥ አንድ ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ድምፅ ተሰማ።

«ገንዘብ እናት የለውም።»

«ገንዘብ እናት የለውም!» አለ ፓሻው።

«ገንዘብ የሚያውቀው ጌታውን ብቻ ነው።»

«ገንዘብ የሚያውቀው ጌታውን ብቻ ነው!»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ድምፁ ቀጠለ፤ «ተነሥ። ወደ መስኮቱ።» ፓሻው ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። «ሲጋራው፣ ሲጋራው። ገልብጠህ ይዘኸዋል።» ፓሻው በክብር ሲጋራውን ገለበጠው።

«ጠረጴዛው ሥር ሰው አለ ጎበዝ» አለ አንዱ ከሰገነት።

«ሰው አይደለም፣ ጂኒ ነው» አለ ሌላው።

«ጂኒ ቢሆን ይሄን ፓሻ ያንቀው ነበር። ይሄ ሚስቱ ናት።»

ሳቁ ከላይ ተነሥቶ ወደ ታች ወረደ። እፈንዲዎቹ ጣርቡሻቸውን አውልቀው ያራግቡ ጀመር። ዳምያና ፊቷን ቀስ ብላ ወደ ባሏ አዞረች። «ይሄ ድምፅ» አለች፣ «ይሄ እኔ ቤት «ጨው የለውም እኮ» የሚለው ድምፅ አይደለም?»

ዋሲፍ ወንበሩ ውስጥ ሰምጦ ጣርቡሹን እስከ ዓይኑ ድረስ ሳበው። ሰዉ የሚስቀው በፓሻው እንደሆነ አላስተዋለም፤ የታየው የገዛ ውርደቱ ብቻ ነበር። ሃያ ዓመት አንድ ጆሮ እንኳን ሳይሰማው ኖሮ፣ አሁን ካይሮ ሙሉ ይሰማዋል። ያውም ወደ ሰገነቱ ጥግ ድረስ እየደረሰ፣ እንደ ለማኝ። መሬት ብትከፈት ይገባ ነበር፤ የሱ መሬት ግን በሳንቃ ተመትታለች።

ሰገነቱ ከሹክሹክታው ጋር ተዋወቀ። ፓሻው ባልንጀራውን ሊያታልል ሲል፣ «አትንገረው አንተ ከታች ያለኸው፣ ዝም በለው» ይላሉ። ድምፁ ግን ይነግረዋል፣ ፓሻውም ያታልላል፣ ሰዉም «ወይኔ ሰውዬው፣ እንጀራ ሆኖበት ነው» እያለ ለሹክ ባዩ ያዝናል። በመጨረሻ ሲት ኢጅላል ንብረቱን ሁሉ ወስዳበት ፓሻው እግሯ ላይ የሚወድቅበት ታላቁ ትዕይንት ደረሰ። ራቲብ በይ ካይሮን ላስለቅስበት ነው ያለው ይህንኑ ነበር።

«ውደቅ» አለ ድምፁ። ፓሻው ወደቀ።

«አልቅስ።»

ፓሻው ዝም አለ።

«አልቅስ እንጂ።»

ፓሻው ዋይ ብሎ አለቀሰ። አዳራሹ ፈረሰ ማለት ይቀላል። አንዲት ወፍራም ሴት ከወንበሯ ተንከባላ ባሏ ሲያነሣት እሱም ተጨምሮ ወደቀ።

መብራት በራ። ባለቤቱ በምረቃ ዕለት ወጥቶ ሕዝቡን ማመስገኑ የጎዳናው ደንብ ነው፤ ቢቀር ሸሸ ይባላል። ራቲብ በይ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ሁሉን ሰምቷል። ከመውጣቱ በፊት በጎን በር ብቅ ብሎ ዋሲፍን በዓይኑ ፈለገና አገኘው። ወንበሩ ድረስ መጥቶ ጎንበስ ብሎ ጆሮው ሥር፣ «ገደልኸኝ። ሃያ ዓመት አብልቼህ ተበቀልኸኝ» አለው።

«አልተበቀልኩም በይ» አለ ዋሲፍ፣ የእውነቱን። «ልበቀል ብዬ ነበር፣ አልሆነልኝም። ያን ቀን ዝም ብዬ ቢሆን ይሄ ድምፅ ፊልሙ ላይ አይገባም ነበር። ያቀበልኩዎ ስላዘንኩልዎ ነው።»

«ደግሞ ያሾፍብኛል» አለ ራቲብ በይና ወደ መድረኩ ወጣ።

ዋሲፍ ይህ ከሁሉ ይበልጥ ጎዳው። ተውኔት ሲጽፍ ደራሲ ነህ ያለው የለም፤ ሊበቀል ሲነሣ አልቻለም፤ ታማኝ ሆኖ ሲሠራ ደግሞ ተበቃይ ተባለ። በሰው ዘንድ ያላደረገው ሁሉ የሱ ነው፣ ያደረገው ግን የሱ አይደለም።

ራቲብ በይ መድረኩ መካከል ቆመ። ሕዝቡ በደስታ አጨበጨበለት፣ ያም ከስድብ የባሰ ነበር። እጁን አነሣ፣ ጸጥ አሉ።

«ክቡራትና ክቡራን» አለ። ይህችን ያውቃታል። ከዚያ ሌላ አልነበረውም። ልማድ ሆኖበት ወደ እግሩ አየ፤ ሳንቃ ነው። ወደ ሕዝቡ አየ፤ ሕዝቡም አየው። አፉ ተከፈተ፣ ተዘጋ።

«ምነው ቆምህ?» አለ ሰገነቱ። «ከታች ያለው ሰውዬ የታለ? አቀብሉት እንጂ፣ ተራበ።»

ዳምያና የባሏን ክንድ ያዘች። «ዝም በል» አለችው። «ስማኝ፣ እግዚአብሔር ሁለተኛ ዕድል ሰጥቶሃል። ፈረንጅ የለ፣ ድጋሚ የለ። አሁን ዝም በለው።»

ዋሲፍ መድረኩ ላይ ያለውን ሰው አየ። መድረክ ላይ ከጫማው አልፎ ሙሉ ሰውነቱን ሲያየው የመጀመሪያው ነበር፤ እንዳሰበው ትልቅ አልነበረም። ዝም ቢለው ይህ ሰው ዛሬ እዚሁ ያልቅለታል። ዝም ማለት ደግሞ ምንም አይጠይቅም። ነገር ግን ዋሲፍ የሚፈልገው የራቲብ በይ ማለቅ እንዳልሆነ አሁን ገባው። ከመጀመሪያውም የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ ዝምታ አይሰጠውም። ጣርቡሹን ከዓይኑ ላይ አነሣ። አልቆመም፣ አልጮኸም። በለመደው ሙያ፣ ከወንበሩ እስከ መድረኩ ብቻ በምትደርስ ድምፅ ሹክ አለ።

«ይህን ተውኔት የጻፈው»

የራቲብ በይ ደረት ሞላ። ፊቱ ውሃ እንዳገኘ የተጠማ ሰው በራ። «ይህን ተውኔት የጻፈው!» አለ፣ መብራቶቹ እስኪወዛወዙ።

«እኔ አይደለሁም።»

«እኔ አይደለሁም!»

«የጻፈው ዋሲፍ ታድሮስ ነው።»

«የጻፈው ዋሲፍ ታድሮስ ነው!»

ራቲብ በይ ያለውን የሰማው ከሁሉም ሰው በኋላ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ቃሉ ሰገነቱ ድረስ ሄዶ በየሰው ጆሮ ገብቷል። እጁን ወደ አፉ ሊያነሣ ሲል በመካከሉ ቆመ። ከላይ አንዱ፣ «ዋሲፍ ታድሮስ ማነው?» ሲል ተሰማ። ዳምያና ብድግ ብላ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ጣቷን ባሏ ራስ ላይ ቀሰረች።

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ጭብጨባው ሲጀምር ዋሲፍ የት እንደሚያይ ጠፋው፤ በሕይወቱ ያን ያህል ፊት በአንድ ጊዜ አይቶ አያውቅም። ራቲብ በይ ግን አሁንም መድረኩ ላይ ነበር፤ ይሂድ አይሂድ፣ ይሳቅ ይቆጣ የሚነግረው አጥቶ ወደ ዋሲፍ ወንበር አፍጥጦ ይጠብቃል። የቀኝ ጫማው ጫፍ ይንቀጠቀጣል።

ዋሲፍ አዘነለት።

«እጅ ንሣ» አለው በሹክሹክታ።

ራቲብ በይ ድምፁ ወደመጣበት ዞረና እስከ ጉልበቱ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።